የሁለቱ እግሮች አለመመጣጠን መቼ ያሰጋል?

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣

ይህ ንግግር የተዘጋጀው ስፖርት መተዳደሪያቸው ላልሆነ፣ ነገር ግን በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ለሚሮጡ፣ ቅዳሜና እሑድ ኳስ ለሚጫወቱ፣ ጂም ለሚያዘወትሩና ተራራ ለሚወጡ ጎልማሶች ነው። ብዙዎቻችሁ ከአሠልጣኝ፣ ከወጌሻ ወይም ከቡድን ጓደኛ «አንዱ እግርህ ከሌላው ይደክማል፤ ካላመጣጠንከው ትጎዳለህ» የሚል ማስጠንቀቂያ ሰምታችሁ ይሆናል። አሁን አሁን ደግሞ አንዳንድ የስፖርት ሰዓቶች ግራ እግራችን መሬት ላይ የቆየበትን ጊዜ ከቀኙ ጋር አነጻጽረው በመቶኛ ያሳዩናል፤ ቁጥሩ እኩል በእኩል ካልሆነም ሰው ይጨነቃል። የዛሬ ዓላማዬ ይህ ጭንቀት የት ላይ ተገቢ፣ የት ላይ ደግሞ ያለ ቦታው እንደሆነ መለየት ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልግለጽ፦ በሁለቱ እግሮች መካከል ያለው ልዩነት ብቻውን ማን እንደሚጎዳ አይነግረንም። የሚያሰጋው ደካማው እግር የሚጠየቀውን ሥራ ለመሸከም አቅም ሲያጣ ነው፤ ይህ ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚታየው ከዚህ ቀደም በተጎዳ እግር ላይ ነው።

በዓለም እጅግ ፈጣን በሆነው ሰው እንጀምር። ዩሴን ቦልት በ2009 በርሊን ላይ 100 ሜትርን በ9.58 ሰከንድ ሮጦ ያስመዘገበው ክብረ ወሰን እስካሁን አልተሰበረም። ይህ ሰው ግን ስኮሊዮሲስ የሚባል የአከርካሪ አጥንት መጣመም ያለበት ሲሆን፣ ቀኝ እግሩም ከግራው በግማሽ ኢንች፣ ማለትም በ1.3 ሴንቲ ሜትር ያህል ያጥራል። በ2017 በዳላስ ከተማ የሚገኘው የሳውዘርን ሜቶዲስት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቦልት በ2011 ሞናኮ ላይ ያደረገውን ውድድር በቪዲዮ እርምጃ በእርምጃ ተንትነው ነበር። ባገኙት ውጤት መሠረት ቀኝ እግሩ መሬት ላይ የሚያሳርፈው ከፍተኛ ኃይል ከግራው በ13 በመቶ ገደማ ይበልጣል፤ ግራ እግሩ ደግሞ በእያንዳንዱ እርምጃ በ14 በመቶ ገደማ ለሚበልጥ ጊዜ መሬት ላይ ይቆያል። ተመራማሪዎቹ ይህን ልዩነት ለማስተካከል መሞከር ቦልትን ፈጣን እንደማያደርገው፣ እንዲያውም ሊያዘገየው እንደሚችል ተናግረዋል፤ ምክንያቱም እኩል አረጋገጥ ለእሱ አካል የተፈጥሮ አረጋገጡ አይሆንም።

በሌላ በኩል ቦልት በሩጫ ዘመኑ በኋላ ጭኑ ጡንቻ ጉዳት ደጋግሞ የተቸገረ አትሌት ነው፤ በ2017 ለንደን ላይ የሮጠው የመጨረሻ ውድድሩ፣ የ4 በ100 ሜትር ዱላ ቅብብሉ፣ የተቋረጠበትም በዚሁ ጡንቻ ምክንያት ነው። ስለሆነም የፈለገ ሰው «አለመመጣጠን አይጎዳም» ለማለትም «ይጎዳል» ለማለትም ቦልትን ምስክር ሊጠራ ይችላል። የአንድ ሰው ታሪክ፣ የቱንም ያህል ታዋቂ ቢሆን፣ ይህን ጥያቄ አይፈታውም። በበኩሌ ከእሱ ታሪክ የምወስደው አንድ ነገር ነው፦ ቦልትና አሠልጣኙ ግሌን ሚልስ ዓመታት የፈጁት እግሮቹን እኩል በማድረግ ላይ ሳይሆን የጀርባውንና የወገቡን ጡንቻ በማጠንከር ላይ ነበር። የእኛው ኃይሌ ገብረሥላሴም ልጅ ሳለ ደብተሩን ብብቱ ሥር ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ሲመላለስ የለመደውን የግራ ክንድ አያያዝ ሳይተው የዓለም ክብረ ወሰኖችን እንደሰባበረ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ስለ እግር ርዝመት ብዙ አልቆይም። በ2005 የታተመ የጥናቶች ግምገማ እንዳሳየው፣ እግራቸው በራጅ በትክክል ከተለኩ ሰዎች መካከል 90 በመቶ የሚሆኑት የተወሰነ የርዝመት ልዩነት አላቸው፤ አማካዩም 5.2 ሚሊ ሜትር ነው። በዚያው ግምገማ መሠረት ልዩነቱ 20 ሚሊ ሜትር እስኪደርስ ድረስ ለአብዛኛው ሰው ይህ ነው የሚባል የጤና ትርጉም የለውም። ተመርማሪውን አልጋ ላይ አስተኝቶ ከዳሌው አጥንት ጫፍ እስከ ውስጠኛው የቁርጭምጭሚት ጉብታ በሜትር መለካት የተለመደ ነው፤ ሆኖም የዚህ አለካክ ስሕተት ራሱ ከተጠቀሰው አማካይ ልዩነት ሊበልጥ ይችላል። ዳሌ ዘንበል ሲል ወይም የሽንጥ ጡንቻ ሲኮማተር አጥንቱ እኩል የሆነ እግር ያጠረ መስሎ እንደሚታይም መታወቅ አለበት። ስለዚህ በራጅ ሳይረጋገጥ «እግርህ አጭር ነው» ተብሎ ጫማ ውስጥ ንጣፍ ወይም ታኮ የሚጨምር ሰው፣ የሌለን ልዩነት ራሱ ሊፈጥር ይችላል።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ፣ ሯጮች ብዙ ጊዜ የማያስተውሉት አንድ ነገር ልጨምር። አስፋልት የዝናብ ውኃ እንዲወርድበት ከመሐል ወደ ዳር ዘንበል ተደርጎ ይሠራል። እንደ አገራችን መኪና በቀኝ በሚሄድበት አገር፣ ለደኅንነቱ ሲል ከፊት ለፊት የሚመጣውን መኪና እያየ በግራ ጠርዝ የሚሮጥ ሰው ግራ እግሩ ሁልጊዜ ከቀኙ ዝቅ ባለ ቦታ ያርፋል። መኪና በሚበዛበት መንገድ ላይ ግን ስለ ዘንበል ብላችሁ ወደ ሌላው ጠርዝ አትሻገሩ። ይልቅ ከሳምንቱ ሩጫ የተወሰነውን ለጥ ባለ የአፈር ሜዳ ላይ ብታደርጉት ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ጡንቻ ጥንካሬ ልዩነት ልግባ። አለመመጣጠን ጉዳት ያመጣል የሚለው እምነት ከባዶ የተነሣ አይደለም። በ1991 በአሜሪካ 138 ሴት የኮሌጅ ስፖርተኞች ላይ በተደረገ ጥናት፣ የቀኝ እግራቸው ጉልበት አጣፊ ጡንቻ ከግራው በ15 በመቶና ከዚያ በላይ የበረታ ስፖርተኞች ከሌሎቹ ይልቅ ለጉዳት ተጋልጠው ተገኝተዋል። ዛሬ በየጂሙና በየክሊኒኩ የምትሰሙት «የ15 በመቶ ደንብ» ሥሩ በአብዛኛው ከዚያ ዘመን ሥራዎች የመጣ ነው። በ2006 ደግሞ 235 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች በአንድ እግራቸው ቆመው ሌላውን ወደ ፊት እንዲዘረጉ ተደርጎ ሲለካ፣ በሁለቱ እግሮች መካከል ከ4 ሴንቲ ሜትር በላይ የሚለያዩት በታችኛው አካላቸው ላይ የመጎዳት ዕድላቸው 2.5 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። በ2008 የታተመው ሦስተኛው ጥናት 462 ፕሮፌሽናል እግር ኳስ ተጫዋቾችን በልዩ የጡንቻ ጥንካሬ መለኪያ ማሽን መርምሯል። የጡንቻ አለመመጣጠን ተገኝቶባቸው ካልታረሙት መካከል 16.5 በመቶ የሚሆኑት የኋላ ጭን ጡንቻቸው ሲጎዳ፣ ችግሩ ካልነበረባቸው መካከል ግን የተጎዱት 4.1 በመቶ ብቻ ነበሩ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ በዚህ ጥናት «አለመመጣጠን» የተባለው በግራና በቀኝ መካከል ያለውን ብቻ ሳይሆን በአንዱ እግር የፊትና የኋላ ጭን ጡንቻ መካከል ያለውንም ይጨምራል።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ መልሱ ቀላል በሆነ ነበር። ነገር ግን በ2016 በኳታር ሊግ የሚጫወቱ 614 ፕሮፌሽናል ተጫዋቾችን ለአራት የውድድር ዘመናት የተከታተለ፣ ከቀድሞዎቹ የሰፋ ጥናት ታተመ፤ ውጤቱም የጡንቻ ጥንካሬ መለኪያዎቹ ከኋላ ጭን ጡንቻ ጉዳት ጋር ያላቸው ግንኙነት ደካማ መሆኑን የሚያሳይ ነበር። የተጎዱትና ያልተጎዱት ተጫዋቾች ልኬቶች እጅግ ስለሚደራረቡ፣ አንድን ተጫዋች ለይቶ «አንተ ትጎዳለህ» ማለት አልተቻለም። ኖርዌያዊው የስፖርት ሕክምና ሊቅ ሮአልድ ባር በዚያው ዓመት ያስረዳው ይህንኑ ነበር፤ በቡድን ደረጃ የሚታይ ልዩነት ግለሰቡን ለመተንበይ አይበቃም። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ የጥናት ግምገማዎችም የእግር አለመመጣጠንና ጉዳት ያላቸው ግንኙነት ወጥ እንዳልሆነ ደርሰውበታል፤ አንዱ ጥናት ሲያገኘው ሌላው ያጣዋል።

ውጤቶቹ ለምን ይጋጫሉ? የመጀመሪያው ምክንያት ቀላል ቢመስልም ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ከሁሉም ይበልጥ ጉዳትን የሚተነብየው ያለፈ ጉዳት ነው። ቁርጭምጭሚቱ ወለምታ የደረሰበት፣ ጉልበቱ የተጎዳ ወይም የኋላ ጭኑ ጡንቻ የተሸነተረ ሰው ያ እግሩ ደክሞ ይቀራል፤ ያው ቦታ ዳግመኛ የመጎዳት ዕድሉም ከፍ ያለ ነው። በዚህ ሰው ላይ ልዩነቱን የለካ ተመራማሪ ልዩነቱን እንደ ምክንያት ሊቆጥረው ይችላል፤ እውነታው ግን ሁለቱም፣ ልዩነቱም አዲሱ ጉዳትም፣ ከአንድ ካልዳነ አሮጌ ጉዳት የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ። በልጅነቱ በአንድ እግር ኳስ መምታት ለምዶ ያደገና በዚያው የበረታ ጤነኛ ሰው፣ እንዲሁም ከቀዶ ሕክምና በኋላ አንዱ እግሩ የደከመ ሰው፣ ሁለቱም 12 በመቶ ልዩነት ሊያሳዩ ይችላሉ። ቁጥራቸው አንድ ነው፤ የተደቀነባቸው ሥጋት ግን ፈጽሞ አይገናኝም።

ሁለተኛው ምክንያት ከአለካኩ ይመነጫል፤ ይህን በቅርብ እንየው። አንድ ሰው በአንድ እግሩ ወደ ፊት ዘልሎ በዚያው እግር ያርፋል እንበል፤ በቀኙ 150፣ በግራው 132 ሴንቲ ሜትር ዘለለ። የ18 ሴንቲ ሜትሩን ልዩነት ለትልቁ ስናካፍል 12 በመቶ፣ ለትንሹ ስናካፍል 13.6 በመቶ፣ ለሁለቱ አማካይ ስናካፍል 12.8 በመቶ እናገኛለን። ያው ሰው ከሦስት ቀን በኋላ ቢለካ ድካሙ፣ ጫማው፣ የመሬቱ ልስላሴና ልምዱ ውጤቱን በጥቂት ሴንቲ ሜትሮች ያወዛውዙታል። ስለሆነም የእያንዳንዱ መለኪያ የራሱ መዋዠቅ ሳይታወቅ የ6 ወይም የ7 በመቶን ልዩነት እንደ በሽታ መቁጠር አይገባም። ከዚህም በላይ በዝላይ ቀኙ የበረታለት ሰው በሚዛን ፈተና ወይም በማሽን ሲለካ ግራው በርትቶ መገኘቱ የተለመደ ነው። «ደካማው እግሬ የትኛው ነው?» ለሚለው ጥያቄ ብዙ ጤነኛ ሰዎች አንድ መልስ የላቸውም።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ አለመመጣጠንን አቃልሎ ለማየት የሚጋብዝ ሊመስል ይችላል። የምናገረው ጉልበቱ ስለተጎዳ ሰው ሲሆን ግን አቋሜ ይለወጣል፤ እዚህ ላይ በጽኑ እናገራለሁ። ስፖርተኞች ኤሲኤል የሚሉት የጉልበት የፊት መስቀለኛ ጅማት ሲበጠስ፣ በቀዶ ሕክምና ቢጠገንም እንኳ የፊት ጭን ጡንቻ በፍጥነት ይሟሽሻል። ይህ የሚሆነው እግሩ ሥራ ስለፈታ ብቻ አይደለም፤ ያበጠና የቆሰለ ጉልበት ወደ ነርቭ ሥርዓቱ የሚልከው መልእክት ጡንቻው በሙሉ ኃይሉ እንዳይታዘዝ ስለሚያደርገው ጭምር ነው። ሕመሙ ከጠፋ፣ እብጠቱም ከወረደ በኋላ ድካሙ ለወራት ይቆያል። በሰፈር ቡድኖች የማየው አሳዛኝ ነገር ይኸው ነው፤ ተጫዋቹ ሕመም ስለማይሰማው ብቻ ድኛለሁ ብሎ ወደ ሜዳ ይመለሳል፤ ጓደኞቹም «በርታ» ይሉታል።

በአሜሪካ ደላዌርና በኖርዌይ ኦስሎ በጋራ የተካሄደው፣ በ2016 የታተመው ጥናት በዚህ ላይ ግልጽ ነው። ይህን ጅማት አስጠግነው ወደ ስፖርት ከተመለሱት መካከል የጡንቻ ጥንካሬና የዝላይ መመዘኛዎችን ሳያሟሉ የተመለሱት 38.2 በመቶ፣ አሟልተው የተመለሱት ግን 5.6 በመቶ ብቻ በሁለት ዓመት ውስጥ ዳግም የጉልበት ጉዳት ደርሶባቸዋል። ከመመዘኛዎቹ ዋናው የተጎዳው እግር የፊት ጭን ጡንቻ ከጤነኛው ቢያንስ 90 በመቶ እንዲደርስ የሚጠይቀው ነበር። ጊዜም ራሱን የቻለ ድርሻ አለው፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እስከ 9ኛው ወር ድረስ መመለስን በአንድ ወር ማዘግየት የዳግም ጉዳቱን መጠን በ51 በመቶ ይቀንሳል። አንድ ጎልማሳ፣ ሠርቶ የሚበላ፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው፣ ለአንድ የቅዳሜ ጨዋታ ሲል እነዚህን ወራት ማሳጠሩ በእኔ እምነት ፈጽሞ የማያዋጣ ነው።

ሆኖም 90 በመቶው ራሱ ሊያታልል ይችላል። ለምሳሌ ከጉዳቱ በፊት በሁለቱም እግሮቹ 160 ሴንቲ ሜትር ይዘል የነበረ ሰው፣ ከቀዶ ሕክምናው ስድስት ወር በኋላ በጤነኛው እግሩ 140፣ በተጎዳው 126 ዘለለ እንበል። 126 ለ140 ሲካፈል 90 በመቶ ነው፤ ሰውየው በወረቀት ላይ አልፏል። ነገር ግን ጤነኛው እግርም በእረፍቱ ወራት ደክሟል፤ ከቀድሞው 160 ጋር ሲነጻጸር የተጎዳው እግር ያለው 79 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። በ2017 በ70 ሕሙማን ላይ የታተመ ጥናት ያሳየው ይህንኑ ነው፤ የተጎዳው እግራቸው ከጤነኛው ጋር ሲነጻጸር መመዘኛውን ያለፉት 57 በመቶ ሲሆኑ፣ ከቀዶ ሕክምና በፊት ከነበረው የጤነኛው እግር አቅም ጋር ሲነጻጸሩ ግን ያለፉት 29 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሁለት እግሮች እኩል ሆነው፣ እኩል ደካማ ሊሆኑ እንደሚችሉ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

በዶሃ የሚገኘው የአስፔታር ሆስፒታል ተመራማሪዎችም ሌላ ማስጠንቀቂያ አክለዋል። በአንድ እግር ወደ ፊት ስንዘል ለመነሣቱ ከሚያስፈልገው ሥራ ጉልበት የሚያበረክተው 12 በመቶ ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ቀሪውን የሚሠሩት ዳሌና ቁርጭምጭሚት ናቸው። ስለዚህ ጉልበቱ ገና የደከመ ሰው በዳሌው ኃይል ርቀቱን ሊያሟላ ይችላል። ቀጥታ ወደ ላይ የሚደረግ የአንድ እግር ዝላይ ጉልበትን የበለጠ ያሠራል፤ ድካሙንም የበለጠ ያጋልጣል።

እንግዲህ ጤነኛ ሆኖ የሚሮጥ ወይም የሚጫወት ጎልማሳ ምን ያድርግ? ገበሬ ጥማዱን ለማስተካከል ብሎ ብርቱውን በሬ አያስርብም፤ ደካማውን ይቀልባል። በእግርም እንዲሁ ነው። ሁለቱም እግሮች ይሠልጥኑ፣ የአንድ እግር እንቅስቃሴዎች ሁልጊዜ በደካማው ይጀመሩ፣ ብርቱው የሚሠራው ድግግሞሽም ደካማው ከሠራው አይብለጥ፤ ለደካማው አንድ ዙር መጨመርም ይቻላል። በሁለት እግር ብቻ የሚሠራ ሰው ክብደቱን ሳያውቀው ወደ ብርቱው እግር ስለሚያሸጋግር ደካማው ከሥራው ያመልጣል። ደረጃ ላይ በአንድ እግር ቀስ ብሎ መውረድ፣ በአንድ እግር ከወንበር መነሣት፣ ግድግዳ ተደግፎ በአንድ እግር ተረከዝን ማንሣት ገንዘብ የማይጠይቁ ጥሩ ልምምዶች ናቸው።

ጉዳትን በመቀነስ የተሻለ ማስረጃ ያላቸውም ልኬቶቹ ሳይሆኑ ልምምዶቹ ናቸው። ጓደኛ ቁርጭምጭሚታችንን ይዞልን፣ ተንበርክከን ሰውነታችንን ቀጥ አድርገን ወደ ፊት ቀስ ብለን የምንወርድበት፣ «ኖርዲክ» የሚባለው ልምምድ የተካተተባቸው መርሐ ግብሮች የኋላ ጭን ጡንቻ ጉዳትን በግማሽ ያህል እንደሚቀንሱ በ2019 የታተመ የጥናቶች ግምገማ አሳይቷል። በፊፋ ስም የሚታወቀው የ20 ደቂቃ ማሟሟቂያም በኖርዌይ ወደ 2,000 በሚጠጉ ወጣት ሴት ተጫዋቾች ላይ ሲሞከር አጠቃላይ ጉዳቱን በሲሶ ያህል ቀንሷል። ሁለቱም «እግርህ እኩል ነው ወይስ አይደለም?» ብለው አይጠይቁም፤ ለሁሉም ይሰጣሉ።

ልዩነቱን መከታተል የሚፈልግ ሰው ግን ይከታተል፤ አልከለክልም። በተለይ ከጉዳት ለተመለሰ ሰው ጠቃሚ ነው። መለኪያው በስድስት ሳምንት አንዴ፣ በአንድ ዓይነት ጫማ፣ በአንድ ቦታና በተቀራራቢ ሰዓት፣ ካሟሟቁ በኋላ ይደረግ፤ በእያንዳንዱ እግር ሦስት ጊዜ ተዘልሎ ሦስቱም ይመዝገቡ። ሲመዘገብም በመቶኛ ሳይሆን የቀኙ በቀኝ ዓምድ፣ የግራው በግራ ዓምድ፣ በሴንቲ ሜትር ይጻፍ። መቶኛው የተሻሻለው ደካማው ስለጨመረ ይሁን ብርቱው ስለቀነሰ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው። ከሁለቱ አንዱ ዓምድ ያለ ምክንያት ሲወርድ፣ ወይም አንዱ እግር በሩጫ መሐል ሲከዳችሁና ጉልበቱ ሲያብጥ፣ መዝገቡን ይዛችሁ ወደ ፊዚዮቴራፒስት ወይም ወደ አጥንት ሐኪም ሂዱ።